ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ፦ ስለ ቁስ መለዋወጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ከተማሪዎች፣ ከወላጆችና ከቡና ጎረቤቶች ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተቀምጠዋል፣ ዲግሪው ሁሉ ሴንቲግሬድ ነው።

አንድ ነገር ጠጣር ነው የሚባለው መቼ ነው?

የራሱ ቅርጽ ሲኖረው ነው። ማንኪያን ከብርጭቆ አውጥታችሁ ሰሃን ላይ ብታስቀምጡት ያው ማንኪያ ነው። ውሃ ግን የገባበትን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል። ጋዝ ደግሞ ዕቃውን ሙሉ ይሞላዋል፤ ክዳን ካላገኘ ወጥቶ ይሄዳል።

ልዩነቱ ያለው ቅንጣቶቹ ላይ ነው። በጠጣር ነገር ውስጥ አቶሞቹና ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ጢም ብሎ በሞላ ሚኒባስ ውስጥ እንዳለ ተሳፋሪ ናቸው፤ መወዛወዝ ይችላሉ፣ ቦታ መቀየር ግን አይችሉም። ፈሳሽ ውስጥ እንደተጠጋጉ ይተላለፋሉ። ጋዝ ውስጥ ተራርቀው በየአቅጣጫው ይበራሉ። ብዙ ተማሪ በጠጣር ውስጥ ቅንጣቶች ጭራሽ አይንቀሳቀሱም ብሎ ያስባል። ይንቀሳቀሳሉ። ድንጋይ ውስጥም ንዝረቱ አይቆምም። ሙቀት ሲጨመርበት ንዝረቱ ይበረታል፣ በመጨረሻም መያያዣው ይላላና ነገሩ ይቀልጣል።

ጤፍና ዱቄት ይፈሳሉ፤ ታዲያ ለምን ፈሳሽ አይባሉም?

እያንዳንዷ የጤፍ ፍሬ ጠጣር ስለሆነች። ጤፍ ስታፈሱ ቁልል ሠርቶ ይቀመጣል። ውሃ ቁልል አይሠራም፤ ተዘርግቶ ይተኛል። አሸዋም፣ ጨውም፣ ስኳርም እንደ ጤፍ ናቸው።

ሁሉም ጠጣር ይቀልጣል? በስንት ዲግሪ?

ብዙው ይቀልጣል፣ ሁሉም ግን አይደለም፤ ስለማይቀልጡት ወደ ታች እንመጣለን። ሻማ በ50ዎቹና በ60ዎቹ ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። አልሙኒየም 660 ይፈልጋል። ብር 962፣ ወርቅ 1,064፣ ብረት 1,538 ዲግሪ። ከብረታ ብረት ሁሉ የመጨረሻው ተንግስተን ነው፤ 3,422 ዲግሪ ድረስ ይቋቋማል። በሌላው ጫፍ ሜርኩሪ አለ። እሱ የሚጠጥረው ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በእኛ አገር ምንጊዜም ፈሳሽ ነው። ስለዚህ «ወርቅ ጠጣር ነው» ስንል ሳናስበው «በክፍላችን ሙቀት» ማለታችን ነው።

መቅለጥን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ወርቅ አንጥረኛ ዘንድ ይሂድ። ፒያሳ የወርቅ ሥራ የኖረበት ሰፈር ነው። ቁርጥራጩ ወርቅ በትንሽ የሸክላ ማቅለጫ ላይ ይደረጋል፣ ቦራክስ የሚባል የማቅለጫ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ከላይ የጋዝ ነበልባል ይለቀቅበታል። መጀመሪያ ይቀላል። ቀጥሎ የቁርጥራጮቹ ሹል ጠርዝ ይዶለዱማል። ለጥቂት ጊዜ ምንም የሚሆን አይመስልም። ከዚያ በድንገት ሁሉም ይሰበሰብና እየተንቀጠቀጠ የሚያበራ አንድ እንክብል ይሆናል። እንክብል የሚሆነው የፈሳሽ ወርቅ ቅንጣቶች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ነው።

ባለ 18 ካራት ወርቅ ከንጹሑ ቀድሞ ይቀልጣል፤ ብርና መዳብ ተቀላቅሎበታልና። አንጥረኛው ይህን ጠባይ ለብየዳ ይጠቀምበታል። ሁለት ቀለበት ሲያያይዝ በመሃል የሚያደርገው ከቀለበቱ ዝቅ ባለ ሙቀት የሚቀልጥ ቅይጥ ነው። ያ ቀልጦ ሲያጣብቅ ቀለበቱ ራሱ ገና ጠጣር ነው።

በረዶ እየቀለጠ እያለ ለምን አይሞቅም?

ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በረዶ ጨምራችሁ ቴርሞሜትር ብትከቱበትና ደጋግማችሁ ብታማስሉት፣ የመጨረሻዋ ቁራጭ እስክትጠፋ ድረስ ከዜሮ ዲግሪ አካባቢ አይነቃነቅም። ሙቀት ግን ያለማቋረጥ እየገባ ነው። የት ሄደ? ቅንጣቶቹን ያያያዛቸውን ኃይል በማላላት ላይ ዋለ። የሙቀት መጠን ለማሳደግ የሚተርፍ የለም።

የሚፈጀው ሙቀት ደግሞ ቀላል አይደለም። 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎጁል (ኪሎጁል የሙቀት ጉልበት መለኪያ ነው) ያስፈልጋል። ይኸው ሙቀት 1 ኪሎ ውሃን ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ያደርሳል። ክረምት ላይ በረዶ ሲጥል ቸርችል ጎዳና ዳር የተጠራቀመው ክምር ፀሐይ ከወጣ በኋላም ቶሎ የማይጠፋው ለዚህ ነው።

መትነን ደግሞ ከዚህም ይብሳል። 1 ኪሎ የፈላ ውሃን ወደ እንፋሎት ለመቀየር 2,257 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል። እንፋሎቱ ቆዳችሁ ላይ አርፎ ውሃ ሲሆን ያንን ሁሉ ይመልሰዋል። የእንፋሎት ቃጠሎ ከፈላ ውሃ ቃጠሎ የሚብሰው በዚህ የተነሳ ነው። የድስት ክዳን ስትከፍቱ ወደ ራሳችሁ አትክፈቱ፤ የሩቁን ጠርዝ መጀመሪያ አንሱ። ልጆች ምድጃ አጠገብ ካሉማ ይህን መርሳት አይገባም።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ተምረናል። አዲስ አበባ ላይ እውነት ነው?

አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሁሉም ጥያቄ ይህንን እወደዋለሁ፤ መልሱን ማንም ሰው በቴርሞሜትር ማድቤቱ ውስጥ ማረጋገጥ ይችላል።

ውሃ የሚፈላው ውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር ገፍቶ አረፋ መሥራት ሲችል ነው። 100 ዲግሪ የሚባለው በባህር ጠለል ላይ ላለው የአየር ግፊት ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ የሚጫነን አየር የባህር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሚጫነው ሲቀንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። እንጦጦ ጫፍ ላይ 90 እንኳ አይሞላም። ራስ ዳሽን ላይ 85 አካባቢ ይሆናል። ከባህር ጠለል በታች ባለው ዳሎል ደግሞ 100ን ትንሽ ያልፋል። ውሃው ያው ውሃ ነው፤ የቆማችሁበት ቦታ ነው የተለየው።

ተማሪ ፈተና ላይ ምን ይጻፍ? ጥያቄው «በባህር ጠለል» ወይም «በ1 አትሞስፌር ግፊት» ካለ 100 ነው። ጎበዝ መምህር ግን ሁለቱንም ያስተምራል።

ታዲያ እሳቱን ብጨምርበት ባቄላው ቶሎ አይበስልም?

አይበስልም። አንዴ ከፈላ በኋላ የጨመራችሁት እሳት ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን ከ92 አያሳልፈውም። ቀስ ብሎ የሚንተከተክ ድስትና እየተፍለቀለቀ ምድጃውን የሚያርሰው ድስት እኩል ነው የሚያበስሉት። ልዩነቱ የመብራት ወይም የጋዝ ወጪ ላይ ነው። ውሃው እንደፈላ እሳቱን ቀንሱ፣ ክዳኑን ግጠሙ። ባቄላና ሽምብራ ደግሞ አድሮ ይዘፍዘፍ።

መፍትሔ የሚሆነው ፕሬዠር የሚባለው፣ ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት ነው። እንፋሎቱን ስለሚያፍነው ውስጡ ግፊት ይጨምራል፤ ግፊት ሲጨምር የሚፈላበት ሙቀትም ከፍ ይላል። በባህር ጠለል 120 ዲግሪ የሚደርስ ፕሬዠር እዚህ 116 አካባቢ ይደርሳል። ከ92 ጋር ስታነጻጽሩት ትልቅ ለውጥ ነው። በባህር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው ፕሬዠር ምቾት ሊሆን ይችላል፤ ለደጋ ሰው ግን ተገቢ ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ። ግፊቱ ሳይወጣ ክዳኑን ለመክፈት መታገል ግን በፍጹም አይሞከርም።

በ92 ዲግሪ የፈላ ውሃ ለመጠጥ ይበቃል?

ይበቃል። ተቅማጥና መሰል በሽታ የሚያመጡት ጀርሞች ከዚህ ባነሰ ሙቀትም ይሞታሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ውሃው ከተፍለቀለቀ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመክራል፤ ለቆላው 1 ደቂቃ ነው። እኛ የሦስቱ ውስጥ ነን።

ከጀበናው አፍ የሚወጣው ነጭ ነገር እንፋሎት ነው?

በትክክል እንፋሎት የሚባለው አይታይም። ጀበናው ሲፈላ አፉን ጠጋ ብላችሁ አስተውሉት። ከአፉ ጫፍ ጀምሮ ትንሽ ክፍተት አለ፤ እዚያ ምንም የለም ያስብላል። ነጩ ነገር የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው። እንፋሎት ያለው ባዶ በሚመስለው ቦታ ላይ ነው። ነጩ ደግሞ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ አየር ሲነካው መልሶ ውሃ የሆነበት፣ በጣም ደቃቅ ጠብታ ነው። ደመናም እንደዚሁ ጠብታ ነው፤ የጠዋት ጉምም።

ልብስ ሳይፈላ እንዴት ይደርቃል?

ለመትነን መፍላት ግድ አይደለም። ከውሃው ገጽ ላይ ፈጣን የሆኑት ሞለኪውሎች በማንኛውም ሙቀት እያመለጡ ይወጣሉ። በመፍላት ጊዜ ግን መትነኑ ከውስጥም ጭምር ነው፤ አረፋው የሚታየው ለዚያ ነው። ኅዳር ላይ የተሰጣ ልብስ ወዲያው የሚደርቀው አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው። ነሐሴ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ነውና ሸሚዙ ሁለት ቀን ገመድ ላይ ሊውል ይችላል። ፈጣኖቹ ሲወጡ የሚቀሩት ቀርፋፋዎቹ ስለሆኑ የሚተነው ነገር ይቀዘቅዛል። ከሻወር ስትወጡ የሚያንቀጠቅጣችሁም ይኸው ነው።

ፍሪዘር ውስጥ የረሳሁት ጠርሙስ ለምን ተሰነጠቀ?

ውሃ ሲጠጥር ስለሚያብጥ። አብዛኛው ነገር ሲጠጥር ይሰበሰባል። ውሃ ግን በረዶ ሲሆን ሞለኪውሎቹ በመሃላቸው ክፍተት እየተዉ ይደረደራሉና 9 በመቶ ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ጠርሙሱ ጢም ብሎ ከሞላ ብርጭቆው አይችለውም። በረዶ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፍሪዘር ውስጥ የምታስገቡት ዕቃ ፕላስቲክ ይሁን፣ ከላይም ክፍት ቦታ ይተውለት።

ሻማ ሲበራ የሚነደው ክሩ ነው ወይስ ሰሙ?

የሰሙ ጋዝ ነው። ሙቀቱ ሰሙን ያቀልጠዋል፣ ፈሳሹ በክሩ ወደ ላይ ይሳባል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይተናል፣ የሚነደውም ያ ነው። ሦስቱም መልኮች በአንድ ጣት በምታክል ሻማ ላይ በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ለልጅ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ነፋስ በሌለበት ቦታ ሻማውን እፍ በሉት። ከክሩ ቀጭን ነጭ ጭስ ይነሳል። ጭሱ እንዳለ የበራ ክብሪት ከክሩ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጭሱን ብቻ አስነኩት። እሳቱ በጭሱ ላይ ወርዶ ክሩን መልሶ ያበራዋል። ጭሱ ተኖ መልሶ እየጠጠረ ያለ ሰም ነውና። ሙከራው ከአዋቂ ጋር ይደረግ።

የማብሰያ ጋዝ ጋዝ ከሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ ለምን ፈሳሽ ነው?

በግፊት ስለታመቀ። ውስጡ ያለው በአብዛኛው ቡቴንና ፕሮፔን ነው። ቡቴን በባህር ጠለል ግፊት ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ፕሮፔን ደግሞ ከዜሮ በታች 42 ላይ። ክፍት ቦታ ላይ ሁለቱም ጋዝ ናቸው። ሲታመቁ ግን በክፍል ሙቀትም ፈሳሽ ሆነው ይቀመጣሉ። ሲሊንደሩን ነቅነቅ ስታደርጉት የሚሰማው ድምፅ የእሱ ነው። የሲጋራ ላይተር ውስጥ የሚታየውም ፈሳሽ ቡቴን ነው።

ቧንቧውን ስትከፍቱ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ፈሳሹ ይፈላል፣ የሚወጣው ጋዝ ይነዳል። ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት ከሲሊንደሩ ብረት ይወስዳል። ረጅም ሰዓት ከበራ በኋላ ብረቱን ንኩት፤ ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዴም ላብ ያወጣል። ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ጎኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉትና ጠብቁ። ፈሳሽ ያለበት ክፍል ዘግይቶ ይደርቃል፤ መስመሩ በግልጽ ይለያል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ጋዙ ሲዳከም ሲሊንደሩን ወደ እሳት ማስጠጋት ወይም ማጋደም አደገኛ ነው። ሲሞቅ ውስጡ ግፊት ይጨምራል። ሲጋደም ደግሞ በጋዝ ፋንታ ፈሳሹ ይወጣል፤ ያ ፈሳሽ ጋዝ ሲሆን ከ200 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድም ወለል ለወለል ሄዶ ይጠራቀማል። ሲሊንደር ምንጊዜም ቀጥ ብሎ ይቁም።

ማሬ ረጋ። ስኳር ተቀላቅሎበት ይሆን?

መርጋቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ንጹሕ ማርም ይረጋል። ማር ውስጥ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ሁለት ዋና ስኳሮች አሉ፤ ውሃው ግን ጥቂት ነው። ግሉኮሱ በዚያ ጥቂት ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ መቆየት አይችልም፣ ቀስ በቀስ ክሪስታል እየሠራ ይወጣል። ግሉኮስ የበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል። ንቦቹ የቀሰሙት አበባ ዓይነት ይወስነዋል።

የሙቀቱም ነገር አለ። ማር ፈጥኖ የሚረጋው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ይህ የአዲስ አበባ ጓዳ የሌሊት ሙቀት ነው ማለት ይቻላል። ቆላ ላይ ፈሳሽ የነበረው ማር እዚህ መጥቶ ቢረጋ የሻጩ ጥፋት አይደለም። ጥሩ ማር በዚህ ምክንያት ሲጣልና ሲመለስ ማየት ያሳዝናል። መልሶ ማፍሰስ ከፈለጋችሁ ማሰሮውን እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩት። እሳት ላይ አትጣዱት፤ መዓዛው ይጠፋል።

ሲሚንቶ የሚጠነክረው ሲደርቅ ነው አይደል?

አይደለም፤ ይህ ስህተት ቤት ያበላሻል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋህዶ አዲስ ጠጣር ነገር ስለሚሠራ ነው። ውሃው ወጥቶ አይሄድም፣ የድንጋዩ አካል ይሆናል። ሲሚንቶ ውሃ ውስጥ ተጠልቆም ይጠነክራል፤ የድልድይ እግር ወንዝ ውስጥ የሚቆመው በዚህ ነው። ይህ እንደ ውሃና በረዶ የመልክ ለውጥ ብቻ አይደለም። ኬሚካላዊ ለውጥ ነው፤ አሙቃችሁ ወደ ሲሚንቶነት አትመልሱትም።

ስለዚህ አርማታ ከተሞላ በኋላ ውሃ ማጠጣት ተራ ልማድ አይደለም። ቶሎ ከደረቀ ውህደቱ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ላዩም ይሰነጣጠቃል። በጋ ላይ የአዲስ አበባ ፀሐይና ነፋስ ሶሌታውን በሰዓታት ውስጥ ያደርቁታል። ቢያንስ ለሰባት ቀን እርጥብ መሆን አለበት። ኮለኑን በረጠበ ጆንያ መጠቅለል ጥሩ ዘዴ ነው። ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላም ቀስ እያለ ይጨምራል። ቤት የምታሠሩ ሰዎች፣ የውሃውን ነገር ራሳችሁ ተከታተሉት።

እንቁላል ሲሞቅ ለምን ይጠጥራል? እንጨትስ ለምን አይቀልጥም?

ሁለቱም ከሲሚንቶው ጎራ ናቸው። የእንቁላሉ ፕሮቲን የተጠቀለለ ክር ነው። ሲሞቅ ይፈታል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል፣ መረብ ይሠራል። ሲቀዘቅዝ አይመለስም።

እንጨትና ወረቀት ደግሞ የመቅለጥ ዕድል አያገኙም። ቅንጣቶቻቸው ተላቅቀው መፍሰስ ከመጀመራቸው በፊት ራሳቸው ይሰባበራሉ። አየር በሌለበት ብታሞቁት እንኳ እንጨት ጋዝ ያወጣና ከሰል ሆኖ ይቀራል። ከሰል አክሳዮች የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ አየሩን በአፈር ይዘጉታል።

መስታወት ቀስ ብሎ የሚፈስ ፈሳሽ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። የድሮ የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች ከታች ወፈር ማለታቸው እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። የወፈሩት ግን በእጅ ሲሠሩ እኩል ስላልወጡ ነው። በክፍል ሙቀት መስታወት ለዓይን በሚታይ መጠን እንዲፈስ የዓለም ዕድሜም አይበቃውም። የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወቶች እንዳይፈሱ የሚሰጋ ሰው ካለ ይረጋጋ።

መስታወት ከሌላው ጠጣር የሚለየው ቅንጣቶቹ ባለመደርደራቸው ነው። ጨውና ወርቅ ውስጥ አቶሞቹ በሥርዓት ተሰልፈዋል። መስታወት ውስጥ እንደ ፈሳሽ እንደተዘበራረቁ ተይዘው ቀርተዋል። ስለዚህ ቁርጥ ያለ የመቅለጫ ዲግሪ የለውም፤ ሲሞቅ እየላላ፣ እየለሰለሰ ይሄዳል። ዕጣንም ከሰል ላይ ስትጥሉት እንደዚያ ነው የሚለሰልሰው።

ጠጣር መስሎ በእርግጥ የሚፈስ ነገር ከፈለጋችሁ ሬንጅ አለላችሁ። በመዶሻ ብትመቱት ይሰባበራል። ዝም ብላችሁ ብትተዉት ግን ይፈሳል። አውስትራሊያ ውስጥ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1927 ሬንጅ መሰል ነገር በማንቆርቆሪያ ውስጥ ተደረገ። ከ1930 ጀምሮ መውጫው ተከፍቶለት እስከ 2014 ድረስ የወደቀው 9 ጠብታ ነው።

ጠጣር ሳይቀልጥ ቀጥታ ጋዝ መሆን ይችላል?

ይችላል። ቁም ሣጥን ውስጥ ለብል የሚደረገው ናፍታሊን እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል፤ ከሥሩ ግን እርጥበት አይገኝም። ደረቅ በረዶ የሚባለው ጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ላይ ቀጥታ ይተናል። ፍሪዘር ውስጥ ለወራት የቆየ በረዶ መጠኑ ቀንሶ የምታገኙትም ከዚሁ የተነሳ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጥርት ያለ ሌሊት ካለፈ በኋላ እንጦጦ ማዶ ሣሩ ላይ ነጭ አመዳይ ይታያል። የአየሩ እንፋሎት ውሃ ሳይሆን ቀጥታ በረዶ ሆኖ የተለጠፈ ነው።

አራተኛ መልክ አለ የሚባለውስ?

አለ፤ ፕላዝማ ይባላል። ጋዝ በጣም ሲሞቅ ወይም ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ኤሌክትሮኖች ከአቶሞቻቸው ይላቀቃሉ። መብረቅ ፕላዝማ ነው። ፀሐይም፣ ከዋክብትም። በየሱቁ ያለው ቱቦ መብራት ሲበራም ውስጡ ፕላዝማ ነው። በዚያኛው፣ በቅዝቃዜው ጫፍ ደግሞ ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሳትየንድራ ናት ቦዝና አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1924 እና 1925 አስቀድመው ያመለከቱት፣ ቦዝ-አንስታይን ኮንደንሴት የሚባል መልክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የሩቢዲየም አቶሞችን ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ፣ እጅግ ተጠግተው በማቀዝቀዝ በሙከራ ተገኘ።

ውሃ በአንድ ጊዜ በረዶም፣ ፈሳሽም፣ እንፋሎትም ሆኖ ሊረጋ ይችላል?

ይችላል፣ በአንድ ሁኔታ ብቻ። የሙቀቱ መጠን 0.01 ዲግሪ፣ ግፊቱ 611 ፓስካል ሲሆን። ይህ ግፊት የባህር ጠለሉን አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ከሁለቱ አንዱ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ይጠፋል።

አየር መሳቢያ ፓምፕ ያለው ቤተ ሙከራ ካገኛችሁ አስተማሪውን ለምኑት። ትንሽ ውሃ በመስታወት ክዳን ሥር ይቀመጣል፣ አየሩ ይሳባል። ውሃው ያለ እሳት መፍላት ይጀምራል። እየፈላ ሙቀቱን ራሱ ስለሚወስድ ይቀዘቅዛል፣ ይቀዘቅዛል፣ በመጨረሻም እየፈላ በረዶ ይሠራል። ሦስቱ መልኮች የሚገናኙበት ያ ነጥብ በየትኛውም አገር ቤተ ሙከራ ያው ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 2019 ድረስ የዓለም የሙቀት መለኪያ የሆነው ኬልቪን የሚተረጎመው በእሱ ነበር።